ቆዳ ሲቆጣ

 

ዘንድሮ በዶርማችን አረንጓዴ ቅጠል የተሣለባት አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ከአልጋ አልጋ ስትዞር ከርማለች። «የህንድ አዩርቬዳ ናት፤ ለአለርጂውም፣ ለችፌውም፣ ለቋቁቻውም፣ ለብጉሩም ትሆናለች» ይባልላታል። ከሶላት በኋላ ስለ እሷ ሁለት ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንደኛው «ከሂንዱዎች የመጣ መድኃኒት መጠቀም ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ለመሆኑ ይሠራል ወይ?» የሚል።

እኔ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ እንጂ ሐኪምም ዓሊምም አይደለሁም። ነገር ግን ታናሽ እህቴ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ችፌ አለባት። ቢቸና ያለው ቤታችንና ሞጣ ያለው የአያቴ ቤት ከአሥር ዓመት በላይ ይህንኑ ሁለተኛ ጥያቄ ሲጠይቁ ኖረዋል። ስለዚህ ያነበብኩትንና በቤታችን ያየሁትን ላካፍላችሁ ወደድኩ። ሸሪዓዊ ፍርድን በተመለከተ የምጽፈው ከኡስታዞቼ የቀራሁትን ብቻ ነው፤ የየራሳችሁን ጉዳይ የምታውቋቸውን ዓሊሞች ጠይቁ።

ባግዳድ የህንድን መድኃኒት እንዴት ተቀበለች?

ለመጀመሪያው ጥያቄ የራሳችን ታሪክ መልስ አለው። በዐባሲያ ኺላፋ፣ በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን፣ መንካ የተባለ ህንዳዊ ሐኪም ባግዳድ መጥቶ የህንድ የሕክምና መጻሕፍት ሲተረጎሙ ተሳትፏል። ዐሊ ኢብን ረባን አጥ-ጠበሪ እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ ያጠናቀቁት «ፊርደውስ አል-ሒክማ» የተባለው የሕክምና መጽሐፍ የህንዶችን ሕክምና ለብቻው የሚያስረዳ ክፍል አለው። ታላቁ ሐኪም አቡ በክር አር-ራዚም «አል-ሓዊ» በተባለው ሰፊ ሥራቸው የህንዱን ቻራካን ይጠቅሳሉ። እነዚህ ሊቃውንት ከህንዶቹ እምነታቸውን አልወሰዱም። የወሰዱት ስለ ዕፅና ስለ ሕመምተኛ ያካበቱትን ልምድ ነው። እሱንም ቢሆን እየመረመሩ ነው የተቀበሉት፤ ራዚ የሚታወቁት የቀደሙ ሐኪሞች የጻፉትን በራሳቸው ዐይን ካዩት ሕመምተኛ ጋር በማነጻጸር ነው።

ስለ ራዚ ሌላም የሚገርም ነገር አለ። አቡ ዘይድ አል-በልኺ የተባሉት ዓሊም በየጸደዩ ጽጌረዳ ሲያሸቱ ለምን አፍንጫቸው እንደሚታፈንና እንደሚፈስ የሚያብራራ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። ዛሬ ይህን ሁላችንም «አለርጂ» እንለዋለን። ቃሉን የፈጠረው ግን የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ እ.ኤ.አ. በ1906 ነው፤ ከራዚ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ።

ኡስታዜ ያስጨበጡን ሚዛን ሦስት ነገር ይመለከታል። በመድኃኒቱ ውስጥ ሐራም ነገር የለም ወይ? ድግምትና ሽርክ አልተቀላቀለበትም ወይ? አይጎዳም ወይ? እነዚህ ከተመለሱ መድኃኒቱ የመጣበት አገር ሰዎች እምነት ብቻውን ሐራም አያደርገውም። ሦስተኛው ሚዛን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይወስደናል። የሚጎዳና የሚጠቅም መሆኑን ለማወቅ ዕቃውን መክፈት ያስፈልጋል።

ህንዶቹ ስለ ቆዳ ምን ይላሉ?

አዩርቬዳ በሳንስክሪት «የሕይወት ዕውቀት» እንደማለት ነው። ዋና መጻሕፍቱ የቻራካና የሱሽሩታ ስብስቦች ሲሆኑ ዕድሜያቸው ወደ 2,000 ዓመት ይጠጋል። በአዩርቬዳ አስተሳሰብ ሰውነትን የሚያስተዳድሩ ሦስት ኃይሎች አሉ፦ ቫታ (ንፋስ)፣ ፒታ (ሐሞትና ሙቀት)፣ ካፋ (አክታና ርጥበት)። ሚዛናቸው ሲጠበቅ ጤና ነው፤ ሲዛባ በሽታ ነው። ኢብን ሲና ከግሪኮች ወርሰው ያሰፉትን የአራቱን ፈሳሾች ትምህርት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

የቆዳ በሽታን «ኩሽታ» በሚል አንድ ስም ጠቅልለው 18 ዓይነት አድርገው ይከፍሉታል፤ ሰባቱ ከባድ፣ አሥራ አንዱ ቀለል ያሉ። ከቀላሎቹ መካከል «ቪቻርቺካ» የሚሉት ከእኛ ችፌ ጋር በጣም ይቀራረባል። ድንገት የሚነሳውን፣ የሚያሳክከውንና ተመልሶ የሚጠፋውን እብጠት ደግሞ «ሺታፒታ» ይሉታል፤ ቀዝቃዛ ንፋስ ሰውነትን ሲነካ ሦስቱ ኃይሎች ተዛብተው የሚመጣ ነው ይላሉ። ይህን ሳነብ «ብርድ መታኝ»፣ «ምች ነው» የሚሉት የአገሬ ሰዎች ትዝ አሉኝ። በሁለቱም ዘንድ በሽታ የሚነሳው የውጭው ነገር ከውስጡ ጋር ሲገናኝ ነው።

ለሕክምና የሚጠሯቸው ዕፆችም ለእኛ ሩቅ አይደሉም። እርድ በየወጥ ቤታችን አለ። ኒም በቆላው አገራችን ተተክሎ ጥላ ሆኗል። ሬት በየጓሮው ይበቅላል። ከዚህ በተጨማሪ ሰውነትን የሚያጥቡባቸው ረጃጅም ሥርዓቶች አሏቸው፤ ዓሣን ከወተት ጋር አትብሉ የሚል ዓይነት የምግብ ክልከላም አለ።

ከዕፁም ከሥርዓቱም በፊት ግን አንድ መርሕ ይቀድማል። «ኒዳና ፓሪቫርጃና» ይሉታል፤ በሽታውን ያመጣውን ነገር ፈልጎ ከሕመምተኛው ማራቅ ማለት ነው። ለእነሱ የሕክምና መጀመሪያው ይህ ነው። ብልቃጥ ሻጮቹ የማይነግሩን ይህንን ነው፤ ምክንያቱም መርሑ በብልቃጥ ታሽጎ አይሸጥም።

በላቦራቶሪ ሚዛን ላይ ቫታና ፒታን አስቀምጦ የለካቸው የለም። ዛሬ ስለ ችፌ የሚታወቀው ለእኔ በግንብ ቋንቋ ይገባኛል። የላይኛው ቆዳችን እንደ ግንብ ነው፤ ሴሎቹ ጡብ፣ በመካከላቸው ያለው ቅባት ደግሞ ሞርታር። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለውን ፕሮቲን የሚያዘጋጀው ጂን ጉድለት ሲኖርበት ችፌ የመያዝ ዕድል በጣም እንደሚጨምር አረጋገጡ። ፊላግሪን የቆዳን ግንብ ከሚያጠብቁት ነገሮች አንዱ ነው። ግንቡ ሲሳሳ ከውስጥ ርጥበት ያመልጣል፤ ከውጭ ሳሙና፣ አቧራና ተሕዋስ ይገባል። የሰውነት ዘበኛ ደግሞ በየኮሽታው ይነሳል። አማርኛችን «ቆዳዬ ተቆጣ» ሲል በትክክል ገልጾታል።

የአያቴ ጥያቄዎች

እህቴን ሲያሳክካት የሌሊት እንቅልፍ በቤታችን አልነበረም። በክርኗና በጉልበቷ መታጠፊያ ያለው ቆዳ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። አንዱ ዐይን ነው አለ፣ አንዱ ምች ነው አለ፣ አንዱ እንቁላል ነው አለ። ቁርኣን ተቀራባት፤ ሩቅያው በረካው ብዙ ነው፤ አልተውነውም። እንቁላል ከአንድ ዓመት በላይ ተከለከለች። አንድ መድኃኒት አዋቂ የሰጠን የቅጠል ልጥልጥ ደግሞ ክንዷን አቃጥሎ ውሃ አስቋጠረው። ትምህርት ቤት ከጎኗ የምትቀመጥ ልጅ ቦታ ቀየረች፤ «ቁምጥና ነው» ተብሎ ነበር። መድረሳም ስትሄድ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ድረስ ትጎትት ነበር። (በህንድም ኩሽታ የሚለው ቃል እየዋለ ሲያድር የሥጋ ደዌ ስም ሆኗል። አንድ ቃል ሁሉንም የቆዳ በሽታ ሲሸፍን፣ የማይተላለፈውም ሰው እንደሚሸሸው ይሆናል። የሥጋ ደዌ ራሱ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል።)

ከዚያ በኋላ እናቴ እህቴን ይዛ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ወረደች። አያቴ የዕፅ ሙያ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያመው ወደ እሳቸው ይመጣል። እኔም አብሬ ነበርኩ። መድኃኒት ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ልጅቷን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጥያቄ ጀመሩ።

«መድኃኒቱን ኋላ ትጠይቁኛላችሁ። መጀመሪያ ይቺ ልጅ ምን ለብሳ እንደምታድር ንገሩኝ።»

«ባና ነው እማዬ፤ ብርድ ነው ብለን» አለች እናቴ።

«ሰሃን የምታጥበው በምንድን ነው?»

«በዱቄት ሳሙና።»

«የሚብስባት መቼ ነው? በክረምት ነው በበጋ?»

እናቴ አሰብ አድርጋ «ታኅሣሥና ጥር» አለች። አባቴ እህል ነጋዴ ነው። ታኅሣሥና ጥር አዲሱ ጤፍ ግቢያችን ውስጥ የሚራገፍበት፣ ብናኙ እንደ ጭስ የሚቆምበት ወር ነው። ማለዳው ብርድ፣ ቀኑ ደረቅ ነው።

አያቴ በዚያን ቀን የሰጡት ዕፅ የለም። «ባናውን ከቆዳዋ አርቁት፤ ከሥሩ የጥጥ ነጠላ ይሁን። ሰሃን አታጥብ። ጤፉ ሲራገፍ ወደኔ ላኳት። ከዚያ ሐኪም ቤት ውሰዷት» አሉ። ስለ አዩርቬዳ ሰምተው አያውቁም፤ የህንዶቹን የመጀመሪያ መርሕ ግን ሞጣ ላይ ተቀምጠው እየሠሩበት ነበር።

ይህ ነገር ከዓመታት በኋላ መድረሳ የልብስን ባብ ስንቀራ መለሰኝ። ሐር ለወንዶች የተከለከለ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ግን ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍና ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) የሚያሳክክ በሽታ ስለነበረባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል። ከፊቅሁ ጎን ለጎን አንድ የሕክምና ነገር እዚህ አለ። ለሚያሳክክ ቆዳ መልሱ የተፈለገው ቆዳውን በሚነካው ልብስ ላይ ነው። ሻካራው ተነሣ፣ ለስላሳው ተተካ። የሸሪዓው ክልከላ እንኳ ለአንድ ሰው ቆዳ ሲባል ቦታ ለቀቀ፤ ሱብሓነላህ!

እህቴ ሐኪም ዘንድ ደርሳ «ችፌ ነው፤ አይተላለፍም» ተባለ። ለተቆጣበት ጊዜ ለአጭር ቀናት የሚቀባ ቅባት፣ ለዘወትር ደግሞ ቫዝሊን ታዘዘላት። አያቴ ያዘዙት ሁሉ ቀጠለ። እሷም በደብተር ትጽፍ ጀመር፦ ዛሬ ምን ነካሁ፣ ምን በላሁ፣ ምን ለበስኩ፣ ሌሊት አሳከከኝ ወይስ አላሳከከኝም። ደብተሩ እንቁላልን ነጻ አወጣው፤ በበላችበትም ባልበላችበትም ቀን ለውጥ አልነበረውም። ዛሬ አሥረኛ ክፍል ናት፤ እጅጌዋን አትጎትትም። አልሐምዱሊላህ። በሽታው ጨርሶ አልጠፋም፤ ጥር ሲመጣ ይነሳል። ግን አሁን እንግዳ አይደለም፤ የሚመጣበት መንገድ ይታወቃል።

ሲሚንቶና ቀይ አፈር

ኢንተርንሺፕ በወጣሁበት አንድ ሳይት ላይ እጁ ተሰነጣጥቆ መዶሻ መያዝ ያቃተው ግንበኛ ነበር። ባልደረቦቹ የብሳና ወተት፣ ሬት፣ የበግ ላት፣ የማያውቁትም ክሬም አምጥተውለታል። ማታ ይቀባል፣ ጠዋት ሲሚንቶ ያቦካል።

በክፍል የተማርነው እዚህ ላይ ጠቀመኝ። እርጥብ ሲሚንቶ ራሱ ቆዳን የሚበላ አልካሊ ነው። በላዩ ላይ በውስጡ ጥቂት ክሮሚየም አለ፤ ስድስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ በጊዜ ብዛት አለርጂ ያመጣል። አንዴ ሰውነት ከተማረው ብዙ ጊዜ አይረሳውም። ለዚህ ነው የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሲሚንቶ ውስጥ የሚሟሟው ክሮሚየም ስድስት ከሚሊዮን ሁለት እጅ እንዳይበልጥ የደነገገው፤ ፋብሪካዎቹ ፈረስ ሰልፌት ጨምረው ያመክኑታል። ለዚያ ግንበኛ ከየትኛውም ዕፅ በፊት የሚያስፈልገው ውሃ የማያስገባ ጓንትና ከሥራ በኋላ የሚታጠብበት ንጹሕ ውሃ ነበር። ወንድሞቼ ምሕንድስና የምታጠኑ፣ ነገ ሳይት የምትመሩት እናንተ ናችሁ። ጓንት በበጀት ውስጥ መግባት ያለበት ዕቃ እንጂ ትሩፋት አይደለም።

የአገራችን የምሥራቅ ጎጃም ትልቁ የቆዳ ቁጣ ደግሞ ከእጅ ይልቅ እግር ላይ ነው። በልጅነቴ ገበያ ቀን ቢቸና ላይ እግራቸው ያበጠ ገበሬዎችን አይ ነበር፤ «ዝሆኔ» ይሉታል። ብዙ ሰው እርግማን ወይም በዘር የተፈረደ ነገር ያደርገዋል። በአገራችን የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ምክንያቱን አሳየ፦ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ደቃቅ ብናኝ ይገባና ሰውነት ይቆጣል፤ የሊምፍ መተላለፊያው ይዘጋል። «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚለውን ስም ከግሪክኛው «እግር» እና «አቧራ» የሰጠው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በአገራችን ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ከሰውነት መከላከያ ጂኖች ጋር ግንኙነት እንዳለው አመለከተ፤ ለዚህ ነው በአንድ መንደር፣ በአንድ አፈር ላይ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚድነው። አፈሩና ሰውነቱ ሲገናኙ ነው።

በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ነበር። ሕክምናው እግርን በሳሙናና ተሕዋስ በሚገድል ውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነበር። እግሩ ድንገት እየተቃጠለ የሚያስተኛው ሕመም በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ጫማና ሳሙና! አዩርቬዳም እዚህ ላይ ወዳጃችን ሆኖ ይመጣል። በህንድ ኬራላ፣ ካሳራጎድ በምትባል ከተማ፣ የአፕላይድ ደርማቶሎጂ ተቋም የተባለ ማዕከል እግራቸው ያበጠባቸውን ሰዎች የሚያክመው የአዩርቬዳን የዕፅ ውሃ፣ የዘይት ማሻሸትና የአተነፋፈስ ልምምድ ከዘመናዊ ፋሻና ከሐኪም ምርመራ ጋር አቀናጅቶ ነው። እዚያ አዩርቬዳው የሚለካ፣ የሚመዘገብና የሚጠየቅ ነው።

ብልቃጡ ውስጥ ምን አለ?

ወደ ዶርማችን እንመለስ። አዩርቬዳ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ቅጠል ብቻ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ሜርኩሪና እርሳስ የመሳሰሉትን ማዕድናት አቃጥሎ የሚያዘጋጅ አንድ ዘርፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በቦስተን አካባቢ ከሱቅ የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ውጤቶችን መርምሮ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አገኘ፤ ከአምስት አንዱ ማለት ነው። እነዚህ የሚጠጡ ነበሩ። በሚቀቡት ላይ ደግሞ ሌላ ስጋት አለ። ስም ሳይጠቀስ ኃይለኛ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ክሬም በሦስት ቀን ማሳከኩን ያጠፋዋል፤ «ተአምር ነው» ይባላል። ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝና በልኩ ሲሆን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እህቴም ተጠቅማበታለች። ሳይታወቅ ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ያቀላል፣ ሲተዉት ደግሞ የባሰ ይቆጣል። ቋቁቻ ላይ ሲቀባ መልኩን ደብቆ ያስፋፋዋል።

«ተፈጥሯዊ ነው» ማለትም ዋስትና አይደለም። ጥቁር አዝሙድን እንውሰድ፤ በሐዲሥ የተመሰከረለት ነው። በኢራን በ60 የእጅ ችፌ ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ጥናት የጥቁር አዝሙድ ቅባት ከቤታሜታዞን ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳሳየ ዘግቧል፤ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ዘይቱን ቆዳቸው ላይ ቀብተው ከባድ አለርጂ የተነሳባቸው ሰዎችም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። እርድም እንዲሁ። አላህ በዕፁ ውስጥ ሺፋ አድርጓል፤ የትኛው ለየትኛው ሰው፣ በምን ያህል መጠን የሚለውን ግን መርምረን እንድንደርስበት ለእኛ ትቶታል።

ለግቢያችን የሚሆን

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለግቢ ተማሪዎች የሚጠቅመውን ላሳጥር።

1. ውዱእ። ቆዳችሁ ደረቅ ወይም የሚሰነጣጠቅ ከሆነ በጣም በቀዘቀዘ ወይም በጣም በሞቀ ውሃ አትጠቡ፤ በሳሙና መፈተግም አያስፈልግም። ፎጣውን ሳታሹ ተጭናችሁ አድርቁና ወዲያው ስስ ቫዝሊን ቀቡ። ኡስታዜን ጠይቄ እንደተረዳሁት ስስ ቅባት ውዱእን አይከለክልም፤ ውሃ የሚጋርድ ወፍራም ሽፋን ከሆነ ግን ይጠረጋል። ቁስሉ በፋሻ ከታሰረ በፋሻው ላይ ማበስ፣ ውሃ እንደሚጎዳ ከታወቀ ደግሞ ተየሙም አለ። ዲናችን ገር ነው፤ ሩኽሷውን በኀፍረት አትተዉት።

2. ሒና። እህቶች፣ ለዒድና ለኒካሕ የምትቀቡት ሒና ከቅጠሉ ከሆነ ቀለሙ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ለመያዝም ሰዓታት ይወስዳል። በግማሽ ሰዓት ጥቁር የሚያደርገው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጸጉር ቀለም ኬሚካል (ፒፒዲ) የተቀላቀለበት ነው። እሱ ውሃ የቋጠረ ቁስል ከማምጣቱም በላይ አለርጂው ዕድሜ ልክ ሊኖር ይችላል። የጎጃም እናቶቻችን እንሶስላ እያለ ጥቁሩን ምን አስፈለገ?

3. የሒጃብ መርፌ። አገጭ ሥር ወይም ጆሮ አጠገብ ብቻ የሚያሳክካችሁ ከሆነ መርፌውን ተመልከቱ። ርካሽ ብረቶች ውስጥ ያለው ኒኬል በዓለም ላይ በጣም የተለመደው የንክኪ አለርጂ ምክንያት ነው። የቀበቶ መቆለፊያና የሰዓት ጀርባም እንዲሁ። ወንዶች ደግሞ ዐጥር ቆዳ ላይ ከመቀባት ልብስ ላይ ይሻላል።

4. ማሳከክ ሁሉ አለርጂ አይደለም። ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልና በወገብ ላይ የሚወጣ፣ የዶርም ልጆችንም የያዘ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። ከ2015–2016ቱ (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ጋር በክልላችን እከክ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዞ ነበር። ይህ በአንድ ክሬም አይድንም፤ ሁሉም አብሮ ይታከማል። የግቢያችን ክሊኒክ ለዚህ ነው ያለው።

5. ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስ ካዞረ፣ ቅጠልም ብልቃጥም አትፈልጉ። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

6. አዲስ ነገር ለመሞከር ከፈለጋችሁ አንድ ነገር ብቻ፣ በክንድ ላይ በትንሽ ቦታ፣ ለጥቂት ቀናት። በላዩ ላይ የያዘው ነገር ያልተጻፈበትንና በአገራችን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበውን ዕቃ ፊታችሁ ላይ አታድርጉ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ህንዶቹም፣ ራዚም፣ ሞጣ ያሉት አያቴም የጀመሩት ከጥያቄ ነው። ምን ነካህ? ምን ለበስክ? የት ዋልክ? መቼ ጀመረህ? ይህን ጥያቄ ከህንድ ብንወስደው ኪሳችንን አይጎዳም፤ ዲናችንንም አይነካም። አጠገባችሁ እጁን የሚደብቅ ወይም እጅጌዋን የምትጎትት ካለችም እነዚያኑ ጥያቄዎች በእዝነት ጠይቋት፤ አልጋችሁንም አትቀይሩባት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ፤ ለጤነኞቻችንም ጤናችን ኒዕማ መሆኑን የምናውቅበትን ልብ ይስጠን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።